ማይነር ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

(ለማኅበራችን አባላትና ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ሴት ልጆቻቸው የቀረበ ንግግር)

 

እንደምታውቁት በስብሰባችን የምንነጋገረው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድርና ስለ መመለሻ ቀን ነው። የዛሬው ርዕስ የትምህርት ይምሰል እንጂ ከዚሁ የራቀ አይደለም። ከአባላት መካከል «ልጄ ከምትማረው ጋር ሌላ ትምህርት ልትጨምር ነው፤ አበድሩኝ» የሚሉ እናቶች እየበዙ ነው። ጥያቄው በቀረበ ቁጥር ግማሾቻችን «ትማር እንጂ! ትምህርት መቼ ይበዛል?» እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «የያዘችውን መጀመሪያ ትጨርስ» እንላለን። ሁለቱም ወገን ልጅቷን ስለሚወድ ነው የሚናገረው። ነገር ግን እስካሁን ተቀምጠን ያሰላነው ነገር የለም። ዛሬ አብረን እናስላ። እኛ በኮሌጅ የተማርነው የሂሳብ አያያዝ ነውና ጉዳዩን የምናየውም እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ምን ይወጣል፣ ምን ይገባል፣ ትርፉስ መቼ ይታያል?

መጀመሪያ በቃሉ እንስማማ። ሜጀር የሚባለው ተማሪዋ የምትመረቅበት ዋናው ትምህርት ነው። ማይነር የሚባለው ከዋናው ጎን፣ ከሌላ የትምህርት ክፍል የሚወሰዱ ጥቂት ኮርሶች ተሰብስበው በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። ማይነር ራሱን የቻለ ሌላ ዲግሪ አይደለም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ያህል ሲሆን፣ ማይነሩ ከዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 21 ክሬዲት ነው። ይህም ከአምስት እስከ ሰባት ኮርስ ማለት ነው።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት የተጀመረው፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተባለው የአዲስ አበባው ተቋም ብዙ ነገር የወሰደው ከአሜሪካ ነበር። ክሬዲት አወር፣ ጂፒኤ፣ ፍሬሽማን የምንላቸው ሁሉ የመጡት ከዚያ ነው። በዕድሜ ከሚበልጡን መምህራን መካከል ዲግሪያቸው «ታሪክ በሜጀር፣ ጂኦግራፊ በማይነር» ወይም «ባዮሎጂ በሜጀር፣ ኬሚስትሪ በማይነር» የሚል ብዙ ናቸው። የዚያ ዘመን ማይነር ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ሆኖ መምህር ሲጎድለው፣ የባዮሎጂው መምህር ኬሚስትሪም እንዲያስተምር ይደረጋል። ማይነሩ የሚሠራበት ክፍል፣ የሚጠብቁት ተማሪዎችም ነበሩት። ይህን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የብዙዎቹ ዲግሪዎች ጊዜ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፍሬሽማን ትምህርት ተመለሰና አብዛኛው ዲግሪ እንደገና አራት ዓመት ሆነ። ዛሬ ልጆቻችን በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የኢንተርፕረነርሽፕ ትምህርትና ሌላም ይማራሉ። ስለዚህ «ልጄ አንድ ነገር ብቻ ልትማር ነው» ብላችሁ የምትሰጉ እናቶች አትስጉ፤ ገና ትምህርት ክፍል ሳትመርጥ ብዙ ዓይነት ትምህርት ቀምሳለች።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተጀምሮ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ከዋናው ግቢ ሌላ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሣርና ሳውላ የተባሉ ካምፓሶች አሉት። ከመካከላችን ለተማሪ ምግብ የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ቤት የሚያከራዩ አሉ። አሁን ደግሞ የራሳችን ልጆች በዚያው በር ገብተዋል። «ማይነር ልውሰድ?» ሲሉን ግን ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቢያንስ አራት ዓይነት ነው። አንዷ በዚያው በዩኒቨርሲቲዋ ከሌላ ትምህርት ክፍል ጥቂት ኮርስ መውሰድ ትፈልጋለች። ሌላዋ ቅዳሜና እሑድ በግል ኮሌጅ ሌላ ዲግሪ መጀመር ትፈልጋለች። ሦስተኛዋ በቴክኒክና ሙያ የደረጃ ሥልጠና ወስዳ የብቃት ምዘና መፈተን ትፈልጋለች። አራተኛዋ የሦስት ወር የኮምፒውተር ወይም የቋንቋ ሥልጠና ነው የምትፈልገው። ስማቸው ቢቀላቀልም ዋጋቸው የተለያየ ስለሆነ፣ እናቶች ሆይ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «የትኛውን ነው የምትዪው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሂሳባችንን ከሰዓት እንጀምር፤ ከብር በፊት የሚያልቀው ሰዓት ነውና። የሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት ክፍል ያስቀምጣል። ለአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ሰዓት ማጥናት ያስፈልጋል ብለን ብንይዝ፣ ኮርሱ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። በሴሚስተሩ 17 ክሬዲት የያዘች ተማሪ በዚህ ስሌት በሳምንት 51 ሰዓት ትምህርት ላይ ናት። ይህ ከመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት ይበልጣል። በዚያ ላይ ሁለት ኮርስ ብትጨምር 69 ሰዓት ይሆናል። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ብትተኛ 56 ሰዓት ይቀነሳል። የቀራት 43 ሰዓት ነው፤ መብላት፣ ማጠብ፣ መሰለፍ፣ መጸለይ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ መታመምም ጭምር ከዚያ ውስጥ ነው። ዶርም ለምታድር ልጅ ይህ ጠባብ ነው፤ ይቻላል ግን። ሲቀላ ወይም ሴቻ ከቤቷ እየተመላለሰች የምትማር፣ ስትመለስ እንጀራ መጋገሩና ታናናሾቿን ማየቱ የሚጠብቃት ልጅ ግን የጨመረችውን ትምህርት የምትከፍለው ከእንቅልፏ ወይም ከዋናው ትምህርቷ ነው።

አንድ ሙሉ ማይነር ስድስት ኮርስ ነው ብንል፣ ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ ስድስቱ ኮርስ በጠቅላላው 864 ሰዓት ይፈጃል። በቀን ስምንት ሰዓት ለምትሠራ ሴት ይህ 108 የሥራ ቀን ነው። ትልቅ ካፒታል ነው። የልጅ ሰዓት ነጻ ስለሚመስለን ነው የማንቆጥረው።

ሁለተኛው ሂሳብ የውጤት ነው። የማይነሩ ውጤት ከአጠቃላዩ ጋር የሚደመር ከሆነ ምን እንደሚሆን እንይ። አንዲት ተማሪ በ100 ክሬዲት 3.20 አማካይ ውጤት አላት እንበል። በ18 ክሬዲት ማይነር 2.50 ብታመጣ አማካይዋ ወደ 3.09 ይወርዳል፤ 3.60 ብታመጣ ደግሞ ወደ 3.26 ይወጣል። የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ የሚቀንሰው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ «ውጤቴን ያነሣልኛል» ብሎ ማይነር መውሰድ አያዋጣም። ዋናው ትምህርቷ ከብዷት 2.00 ላይ ለምትንገዳገድ ልጅ ደግሞ አደጋ ነው፤ ለመመረቅ የሚጠየቀው ዝቅተኛው አማካይ ውጤት እሱ ነውና።

ሦስተኛው ሂሳብ የመውጫ ፈተና ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሙሉ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ፣ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ያላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም፤ እንደገና መፈተን ግን ይችላል። ፈተናው የሚጠይቀው ዋናውን ትምህርት ነው። ተማሪዋ በማይነሯ ሁሉንም ኤ ብታመጣም በዚያ ቀን አንድም ነጥብ አይጨምርላትም። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ዲግሪ የያዘች ደግሞ ሁለት የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል። ስለዚህ ለሁሉም የምንመክረው አንድ ነገር አለ፤ በመጨረሻው ዓመት አዲስ ነገር አትጨምሩ። ያ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የተግባር ልምምዱና የመውጫ ፈተናው ነው።

አራተኛው የብር ሂሳብ ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚወሰድ ኮርስ ቀላል ይመስላል፤ ምክንያቱም እናት ከቦርሳዋ አታወጣም። ነገር ግን ልጃችን የወጪ መጋራት ውል ፈርማለች፤ ምግቡና መኝታው ነገ ከደመወዟ የሚቆረጥ ዕዳ ነው። ማይነሩ አንድ ሴሚስተር ቢያስረዝምባት ዕዳውም ይረዝማል፤ ደመወዝ የምትጀምርበት ወርም ይርቃል። የግል ኮሌጁ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ አለው። ለስሌት ያህል በወር 1,000 ብር እንበል፤ በዓመት አሥር ወር፣ ለሦስት ዓመት 30,000 ብር ነው። ትራንስፖርቱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ የቅዳሜ ምሳው ገና አልገባም። በሳምንት 50 ብር የምታስቀምጥ አባል በዓመት የምታጠራቅመው 2,600 ብር ነው። ያ 30,000 ብር የአሥራ አንድ ዓመት ተኩል ቁጠባዋ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል «አትማሩ» ማለታችን እንዳይመስላችሁ። ከሂሳብ ሁሉ የሚከፋው የወጪውን ዓምድ ብቻ ሞልቶ የገቢውን ባዶ መተው ነው። ወደ ገቢው እንሂድ።

የድሮዎቹን መምህራን አስታውሱ። ማይነራቸው የጠቀማቸው የሚሠራበት ቦታ ስለነበረ ነው። ዛሬም መለኪያው ይኸው ነው፤ ሁለተኛው ትምህርት ዋናው ብቻውን የማይከፍተውን በር መክፈት አለበት። ዶርዜ ላይ እናቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ በመጨረሻ ነጠላውን የሚያስጌጠው ጥለቱ ነው። ጥለት ግን ብቻውን አይለበስም፤ ነጠላው ከሳሳ ጥለቱ አያድነውም። ሦስት ምሳሌ ወስደን እንየው።

የመጀመሪያዋ አባያ ካምፓስ ባዮሎጂ የምትማር ልጅ ናት። ከስታቲስቲክስ ክፍል ጥቂት ኮርስ መጨመር ትፈልጋለች። ባዮሎጂ የተማረች ልጅ ነገ በጤና፣ በግብርና ምርምር፣ ወይም በእነዚህ በሁለቱ ሐይቆቻችን የዓሣ ሀብት ላይ ብትሠራ፣ ከእጇ የማይጠፋው ቁጥር ነው። ምን ያህል ዓሣ ተያዘ፣ ስንት ሰው ታመመ፣ ካለፈው ዓመት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ይህን የምታነብ ባዮሎጂስት ከማታነበው ትለያለች። ለዚህች ልጅ «ውሰጂ» እንላለን። ስድስት ኮርስ ካልተመቻት ሁለቱም ይበቃታል። ማይነር የሚለው ስም ባይጻፍላትም ኮርሱና ውጤቱ በትራንስክሪፕቷ ላይ ይታያል፤ ችሎታው ደግሞ በእጇ ይቀራል።

ሁለተኛዋ አካውንቲንግ ትማራለች። ቅዳሜና እሑድ ማኔጅመንት በዲግሪ ልትጀምር ነው፤ ምክንያቷን ስትጠየቅ «ባንዱ ሥራ ባጣ በሌላው አገኛለሁ» ትላለች። ለዚህች ልጅ ቆም ብለሽ አስቢ እንላታለን። የሥራ ማስታወቂያዎቹን ሰሌዳ ላይ አንብቡ። ብዙዎቹ «በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ ሙያ» ይላሉ። በሩ አንድ ነው፤ ሁለት ቁልፍ ይዛ ወደ አንድ በር ነው የምትሄደው። ከኮርሶቹም ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናውቀውን እንንገራት። ቢሮ ውስጥ የሚፈለገው ኤክሴልን በደንብ የምትሠራ፣ የሂሳብ ሶፍትዌር የምታውቅ፣ የግብር ሥርዓቱን የተረዳች፣ ሪፖርት በጥሩ እንግሊዝኛ የምትጽፍ ልጅ ናት። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ ቁጥር 847 ከወጣ ወዲህ ዓለም አቀፉን የሪፖርት ደረጃ የምታውቅ ባለሙያም ትፈለጋለች። ለዚያ 30,000 ብር የሚሻል መንገድ አላት፤ ከተመረቀች በኋላ እንደ ኤሲሲኤ ያለ የሙያ ፈተና ከማኔጅመንቱ ዲግሪ ይልቅ ወደፊት ይወስዳታል።

ሦስተኛዋ ኩልፎ ካምፓስ የአትክልትና ፍራፍሬ ትምህርት ላይ ናት። እናቷ ላንቴ ሙዝ አላት። ልጅቷ ሂሳብ አያያዝ መማር ትፈልጋለች። ይህ ሐሳብ ደስ ይለናል። ሙዛችን በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሲሄድ ትርፉን የሚያውቀው ደላላው ነው፤ የጨንቻ ፖምም እንዲሁ። ተክሉንም ደብተሩንም የምታውቅ ልጅ ለእናቷም ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርም ትጠቅማለች። ነገር ግን ለዚህ ዲግሪ አያስፈልጋትም። በክረምት የሚሰጥ አጭር የሂሳብ አያያዝ ሥልጠና ወስዳ የእናቷን የአንድ ዓመት ገቢና ወጪ በደብተር ብትይዝ፣ ያ ደብተር ማይነሯ ነው። በቅርቡ ለሁላችሁም የምናሠራው እንዲህ ያለ ደብተር ስለሆነ፣ ልጅቷ መጥታ ብታግዘን ደስታችን ነው።

«ለሥራ ብሎ ብቻ ነው እንዴ የሚማሩት? ሥነ ጽሑፍ ስለምወድ፣ ሙዚቃ ስለምወድ ብማርስ?» የምትሉ ልጆች ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ መውደድም በቂ ምክንያት ነው። የምትወደውን አንድ ኮርስ የያዘች ልጅ ሌላውንም በደስታ ስትማር አይተናል። የምንለው ስሙን በስሙ ጥሩት ነው። የምትወዱትን «ሥራ ያስገኝልኛል» ብላችሁ እናታችሁን አታስበድሩ። መጀመሪያ በቤተ መጻሕፍት፣ በክበብ፣ በአንድ ኮርስ ቅመሱት። ከዚያ በኋላም ካልተዋችሁ፣ ያን ጊዜ ዋጋ ክፈሉበት።

ሰው ያለ ማይነርም ሩቅ ይሄዳል። በእንግሊዝ ብዙ ተማሪ ከገባ ቀን ጀምሮ አንድ ትምህርት ብቻ ነው የሚማረው። ከጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊየ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። የሠሩት ግን በዲፕሎማሲ ነው፤ በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር ነበሩ። በእነዚያ አገሮች ሁሉ የሚሠራበት ፈረንሳይኛ ደግሞ በእጃቸው ነበር። ሁለተኛው ችሎታ ሁልጊዜ በዲግሪ ወረቀት ላይ አይጻፍም ማለት ነው።

እናቶች ሆይ፤ አሁን ለእኛ ለራሳችን እንናገር። ብዙዎቻችን «ጨምሪ» የምንለው ከፍርሃት ነው። ተመርቆ ሥራ ያጣ የጎረቤት ልጅ አይተናል። ስለዚህ ልጃችን እንደ ባጃጅ ስኮርታ ጎማ ይዛ እንድትሄድ እንፈልጋለን። ስኮርታ ጥሩ ነው፤ ግን ሦስቱ ጎማዎች አየር ሳይኖራቸው ስኮርታ ቢጫን ባጃጁ አይሄድም። ሥራ አጥነትን የምትቋቋመው በሁለት ደካማ ወረቀት ሳይሆን በአንድ ጠንካራ ትምህርትና በእጅ ባለ ችሎታ ነው። አለበለዚያ ከሁለት ያጣች ትሆናለች።

ሌላም አለ። ወንድ ልጃችን ትምህርት ሲጨምር ቤት ውስጥ ድምፅ እንቀንሳለን፤ ሴት ልጃችን ስትጨምር ግን ቤት ያለው ሥራ አይቀነስላትም። «ትማር» ብሎ ፈቅዶ ምጣዱን ከእጇ አለመውሰድ ፈቃድ አይባልም። ልጃችሁ ሁለት ኮርስ ከጨመረች በሳምንት 18 ሰዓት ያስፈልጋታል ብለናል። ያንን 18 ሰዓት ማን ይሸፍናል? አባት ነው፣ ወንድም ነው፣ እናንተ ናችሁ? መልሱ «እሷው ራሷ» ከሆነ ኮርሱ ባይጀመር ይሻላል።

እናንተ ልጆች ደግሞ ጓደኛ ስለወሰደ አትውሰዱ። ዶርም ውስጥ አራቱ ከተመዘገቡ አምስተኛዋ የቀረች ይመስላታል። ከመመዝገባችሁ በፊት ወደ ትምህርት ክፍላችሁና ወደ ሬጅስትራር ሄዳችሁ እነዚህን ጠይቁ፤ በእኔ ክፍል ማይነር ይፈቀዳል ወይ? በዲግሪው ወይም በትራንስክሪፕቱ ላይ በስሙ ይጻፋል ወይ? ውጤቱ ከአጠቃላዩ ጋር ይደመራል ወይ? እስከ መቼ ድረስ ኮርሱን መተው ይቻላል? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ በደንቡ ላይ የተጻፈውን አሳዩኝ በሉ። የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ፕሮግራም፣ በዚያው ካምፓስ ዕውቅና መስጠቱን አረጋግጡ። ኮሌጁ ለአንድ ትምህርት ዕውቅና አለው ማለት ለሁሉም አለው ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ማኅበራችን እንመለስ። ለሌላ ትምህርት የሚጠየቅ ብድር በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲወሰንበት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጥያቄውን እናት ብቻ ሳትሆን ልጅቷም መጥታ ታቅርብ። የምትማረው እሷ ስለሆነች ምክንያቱን ከአፏ እንስማ። «በዚህ ትምህርት ምን ልትሠሪበት ነው?» ስንላት በሁለት ዓረፍተ ነገር ትመልስልን። ያልተዘጋጀች እንደሆነ አንከለክላትም፤ አስባ ትመለስ።

ሁለተኛ፣ የዋናውን ትምህርት ውጤት ታሳየን። ያልተስተካከለ ኤፍ ወይም ያላለቀ ኮርስ ካላት መጀመሪያ እሱን ትጨርስ። ብድር ካስፈለጋት ለዚያ ለሚረዳት ትምህርት እንስጣት።

ሦስተኛ፣ ብድሩ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ይሁን። አንድ ኮርስ ሞክራ ዋናው ውጤቷ ካልወረደ ሁለተኛውን እንጨምርላት። በሦስት ዓመት ዕዳ በአንድ ቀን እናትን አናስፈርም።

አራተኛ፣ የምታቆምበትን መስመር አስቀድማ ትጻፍ። «የዋናው ውጤቴ ከዚህ ከወረደ ማይነሩን እተዋለሁ» ብላ ቁጥሩን ታስቀምጥ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይላሉ እናቶቻችን። መስመሩን ቀድማ ያሰመረች ልጅ ስትተወው አታፍርም፤ ከእቅዷ አንዱ ነበርና። እኛም «ጀምራ ተወችው» ብለን አናማትም።

አምስተኛ፣ ቤት ውስጥ ሰዓቱን የሚሸፍነው ሰው በስም ይነገረን። አባትየው ቢመጣ ደግሞ እጥፍ ደስታ ነው።

እነዚህን አምስት ነጥቦች አሟልታ የመጣች ልጅ ካለች፣ ማኅበራችን ለዚህ ካልዋለ ለምን ሊውል ነው? በሳምንት ሃምሳ ሃምሳ ብር ስናስቀምጥ የኖርነው ሴት ልጆቻችን ከእኛ ሰፋ ያለ ምርጫ እንዲኖራቸው ነው። ምርጫ ማለት ግን ያገኙትን ሁሉ መያዝ አይደለም። አንዱን ይዞ ሌላውን «ዛሬ አይሆንም» ማለትን ይጨምራል። ማይነር የወሰደችም ሆነ ያልወሰደች ልጅ ለምን እንደሆነ መናገር ከቻለች፣ እናቷ በሰላም ትተኛ።

ጥያቄ ያላችሁ ከቡናው በኋላ እንቀጥላለን። ደብተርና እስክሪብቶ የያዛችሁ ልጆች የሳምንት ሰዓታችሁን እዚሁ ጻፉና 168 ከሚለው ቁጥር ቀንሱ፤ የቀረውን አይታችሁ ከእናቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።